«አዲሱ ወጥቷል» ባዩ ውባየሁ

«የጓሳ ላይ ጉሙ ይገፈፋል ሲነጋ፤
እም… እም… እምም… ልቤ መቼ ሊረጋ።»

ውባየሁ ከደብረ ብርሃን አውቶብስ ሲወርድ ሁልጊዜ ይህችን ያንጎራጉራል። የመጀመሪያዋን ስንኝ ያውቃታል፤ የሁለተኛዋን መግቢያ ግን አንድ ቦታ ጥሏታል። አንድ ቀን ከራሴ ጨምሬ ልሞላለት ብሞክር፣ «ተወው፣ አዲስ ዘፈን ወጥቷል» ብሎኝ አለፈ።

አዲስ ነገር ወጣ ሲባል እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አዲስ ስልክ ሲመጣ የያዘውን ይጠላል። አዲስ ቄስ ሲመጡ የቀድሞው ቅዳሴ ያስረዝሙ እንደነበር ትዝ ይለዋል። ለእኛዋ ትንሽ ከተማ ለቀየት የደረሳት ውባየሁ ነው፤ ክቡር ውባየሁ፣ የጌም ቤት ባለቤት፣ የሁለት ቴሌቪዥንና የአራት ጆይስቲክ ጌታ። ቤቱን የከፈተው በጥቃቅንና አነስተኛ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ነበር። አራቱ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። «አንድ ለአምስት ተባልን፣ አንድ ለራሱ ሆኜ ቀረሁ» ይላል፣ ሳይከፋው።

እዚያ ቤት ዋናው የኳስ ጌም ነው። ፈረንጆቹ በየዓመቱ ቁጥር እየለጠፉ ያወጡታል፤ እኛም በቁጥሩ እንጠራዋለን፦ አስር፣ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት። አዲስ ሲወጣ ክቡርነታቸው ቤቱን ዘግተው ደብረ ብርሃን ይሄዳሉ። ሲዲውን በደረት ኪሳቸው ይዘው ይመለሱና፣ ቅዳሴ ሲያልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው እንደ ዐዋጅ ነጋሪ ይጮኻሉ።

«አስራ ሁለት ወጥቷል! አስራ አንድ ሞቷል!»

አንድ ጊዜ እማማ ዘነበች ይህን ሰምተው ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቀዘቁና፣ «ኧረ በየትኛው መኪና?» አሉ።

መጀመሪያ ላይ እኛም ደስ ይለን ነበር። ኋላ ግን ፈረንጆቹ ቸኮሉ። የኳሱ ሳያንስ የወታደሩም የመኪናውም ጌም ቁጥር ይጨምር ጀመር፤ አንዱን ሳንለምድ ሌላው ይደርሳል። ተከፍቶ ሲታይ ማሊያው ተቀይሯል፣ አንዱ አሰልጣኝ ፂም አብቅሏል፣ ሌላው ያው ነው። ያው ነው ብለን እንዳንቀመጥ ደግሞ ትናንት ጎል ያስገባንበት ቁልፍ ዛሬ ኳሷን ወደ ሰማይ ይልካታል።

ከሁሉ የተጎዱት ጋሽ አባይነህ ናቸው። ጋሽ አባይነህ አገሬው በጋራ የሚያስጠብቀው የጓሳ ሣር ጠባቂ ሲሆኑ፣ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቷቸዋል። ከጥበቃ ሲመለሱ ፈረሳቸውን ደጃፉ ላይ አስረው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ጆይስቲኩን ይይዛሉ። ያላቸው ስልት አንድ ብቻ ነው፤ የማዕዘን ምት አሻግሮ በግንባር መግጨት። እሷን ለመልመድ ሰባት ወር ፈጀባቸው። አስራ ሦስት ሲመጣ ስልቷ ከዳቻቸው። ስምንት ወር ለፍተው እንደገና ገሯት። አስራ አራት መጣ።

«ውባየሁ፣ ልጄ፣ በሬዬን አስለምጄ ትልም ላወጣ ስል፣ ና ሌላ በሬ ጥመድ ትለኛለህ።»

«ጋሼ፣ አዲሱ ወጥቷላ! ሜዳውን አይተውታል? ሣሩ ይወዛወዛል እኮ!»

«ሣር ሲወዛወዝ ለማየት እኔ አንተ ቤት ልምጣ?»

ሰው ቀስ በቀስ ራቀ። ከቆላ ወጥቶ ሱቅ የከፈተው ከድር መንገዱን ተሻግሮ አንድ ጆተኒ አቆመ። የጆተኒ ተጫዋቾች በብረት ዘንግ ተሰክተው የቆሙ እንጨቶች ናቸው፤ ከተሠሩ ጀምሮ ማሊያ ቀይረው አያውቁም። ሁላችንም ወደዚያ ዞርን። እኔም ጭምር፣ መምህር ነኝ ሳልል። ውባየሁ ባዶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ሳቃችንን ያዳምጣል። የቤቱ አከራይም እስከ ኅዳር ሚካኤል ሰው ካልተመለሰ ቤቱን ለወፍጮ እንደሚፈልጉት ነገሩት።

«አዲሱ ወጥቷል፤ ሰዉም አብሮ ወጥቷል» አለችው ሚስቱ ጥሩሸዋ።

እሱ ምን አደረገ? ደብረ ብርሃን ሄደ።

በተመለሰበት የገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ አባይነህ ስምንታችንን ከጆተኒው ጠርተው ወደ ጌም ቤቱ ይዘውን ገቡ። ከድርም ነገሩ እንዳያመልጠው በሩ ላይ ቆመ። ውባየሁ ገና ከአውቶብስ መውረዱ ነበር። ጥሩሸዋ ምሳ ዕቃውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጣ፣ «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስክም» እያለች ትነዘንዘዋለች። ሲያየን ፊቱ በራ። ጋሽ አባይነህ ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«ስማኝ። ጓሳን ያቆየነው እንዴት ነው? ዘግተን ነው። ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት ማጭድ አይነካውም። ሣሩን ጠልተነው አይደለም፤ ሥር እንዲይዝ ነው። የተከፈተ ቀን ማን ይቀራል? አንካሳው እንኳ አይቀርም። አንተ ግን በየዓመቱ እኛን ታጭደናለህ። ሥር አልያዝንም።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ ጋሼ?»

«አዲሱን ዝጋው። ባለው በአስራ አራቱ ሦስት ዓመት እንጫወት። ማልልን፤ ከማልክ ዛሬውኑ እንመለሳለን። ካልማልክ ደግሞ ጆተኒው ደጅ አለ፣ ቤቱም የወፍጮ ነው።»

«ሦስት ዓመት!» አለ ከድር ከበሩ። «የኔን እንጨቶች ማን ሊያጫውታቸው ነው?»

ውባየሁ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ሊምል ነው ብለን ጠበቅን። እኔ ግን አጠገቡ ስለነበርኩ፣ ከጣቶቹ ሥር ከደረት ኪሱ ብቅ ያለ የሲዲ ጠርዝ አየሁ። አስራ አምስት! ሌላ ማንም አላየም። «እሺ፣ ምያለሁ» ቢል ቤቱም ሰዉም የእሱ ነበሩ። እኔም ትንፍሽ አልል ነበር።

አወጣው።

«ይህን ታቅፌ ብምል እግዜርም አይወደው» አለ። «አስራ አምስት ነው። ገና አልተከፈተም።»

«ኧረ አንተ ሰው!» አልኩት። «አንተ እንደሆነ አትጫወት። ምንድን ነው እንዲህ የሚያሯሩጥህ?» እውነቴን ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ጆይስቲክ ይዞ አላየሁትም። ከኋላችን ቆሞ፣ ጎል ሲገባ ካገባው በላይ ይዘላል።

ሲዲውን አገላበጠው።

«ብትሰለቹኝስ ብዬ ነዋ። እኔ ጨዋታ አልችል፣ ወግ አልችል። አዲስ ነገር ካልያዝኩ ምን ብዬ እጠራችኋለሁ?»

ጋሽ አባይነህ ሲዲውን ተቀብለው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። «ይህስ ጠባቂ አለው፤ ቀኑ ሲደርስ እኔው እከፍተዋለሁ። አንተን ደግሞ» አሉት ትከሻውን ይዘው፣ «ባዶ እጅህን ብትጠራን እንመጣለን። አሁን አብራው እስቲ፣ ያቺ አስራ አራት ሳትረሳኝ።»

ለመሳቅም ለማፈርም ቃጣኝ። ስንት ወር ሙሉ ውባየሁን ሳማ የኖርኩ ሰውዬ፣ ሲዲው ጋቢው ውስጥ ሲገባ ቅር አለኝ። በእኛ መንገድ ማዳበሪያና የስብሰባ ደብዳቤ ይመጣል። በዚህ ዓለም አንድ ነገር ተወለደ ብሎ ሮጦ የሚነግረን ግን ከእሱ በቀር ማን አለን? ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«ለመሆኑ አስራ አምስት ምን አዲስ ነገር አለው?»

ዓይኑ ቦግ አለ። «ዝናብ አለው! ሲዘንብ ማሊያው ይረጥባል፣ ሜዳው ላይ የእግራቸው ፋና…»

«ዝናቡ ይቆይህ» አለች ጥሩሸዋ ክንዱን ስባ። ጋሽ አባይነህ ዓይናቸውን ከበራው ቴሌቪዥን ሳይነቅሉ ተጠግተው ከአግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁለት። በእኔና በእሳቸው መካከል ተቀመጠ። ምሳ ዕቃውን ከፈተና፣ «ምንድን ነው?» አላት።

«ያው የባቄላ ሽሮ ነው። አዲስ አልወጣም።»

የገብስ እንጀራውን ቆርሶ አጠቀሰ፣ ጎረሰ። በርም አላየ፣ መንገድም አላየ። «ጥሩ ነው» አለና ደገመ።