ለእማዬ የተነሣው ባሕር

ትናንት በሕልሜ እኔና እናቴ ባሕር ጠረፍ ላይ በምትገኝ አንዲት ትንሽ የቱሪስት ከተማ ስንንሸራሸር ነበር። ባሕሩ እንዴት ወደ እኛ ሰፈር እንደመጣ አልጠየቅኩም፤ መጣ፣ መጣ ነው። እናቴ ወይዘሮ ትበልጫለሽ ዕድሜዋን ሙሉ ባሕር አይታ አታውቅም። ጉልበቷን ያማታል፤ «ደከመኝ» ማለት ግን ከአፏ አይወጣም። እኔ ደግሞ የነበረኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ጥሩ ወንበር ፈልጌ፣ አስቀምጬ፣ ባሕሩን ላሳያት።

ገና አስፋልቱን እንደረገጥን ሽበታም ፈረንጆች ከየጥጉ ወጥተው «ሐበሻ! ሐበሻ!» እያሉ ተከተሉን። አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ አንድ ሽማግሌ የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዞ አልለቅ አለ።

«እማማ፣ አንድ እስክሪብቶ!»

«እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?» አለችው።

ሽማግሌው አለቀሰ። አባበለችው፤ የጫማውን ክር አሰረችለትና ወደ ቤቱ ላከችው። እኔ ኮራሁ። የትም ትሂድ የት፣ እናትነቷን ቤት ትታ አትወጣም።

አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ደረስን። ወንበሮቹ ሰዎች ላይ ተቀምጠው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ከሥራቸው ያሉት ቱሪስቶች በእጅና በእግራቸው ተንበርክከው ጋዜጣ ያነባሉ። ሰፋ ያለ፣ ባለ ድጋፍ ወንበር መርጬ ጎንበስ አልኩለት።

«ጌታዬ፣ እናቴን ትንሽ ቢያስቀምጧት?»

«ሰው አለኝ» አለ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየኝ።

«ጉልበቷን ያማታል።»

«እኔስ አራቱንም እግሬን አይደል የሚያመኝ!»

በረንዳው በሙሉ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። እናቴ ግን «ተወው ልጄ፣ መቆም ለምጃለሁ» ብላ እጄን ጎተተችኝ። ይህን አነጋገሯን ድሮም አልወደውም።

ወረድ ብሎ አንድ ዓሣ ጃንጥላ ሥር ሆኖ መንጠቆውን ወደ ሆቴሎቹ እየወረወረ ሰው ያጠምዳል። መንጠቆው ላይ የሰካው ትኩስ ሳምቡሳ ነበር።

«እንደምን ዋሉ እማማ፤ ዛሬ ሰው እምቢ ብሏል» አላት።

«ይቅናህ የኔ ልጅ» አለችው።

እናቴ ሥራ ላይ ያለ ፍጡር አይታ ሳትመርቅ አታልፍም። ምርቃቷ ደግሞ መሬት ጠብ አይልም። ስለዚህ ሳይቀናው በፊት ክንዷን ይዤ ላጥ አልኩ።

አሸዋው ጋ ስንደርስ ባርኔጣ የደፋ ሸርጣን በጎኑ እየሄደ መጥቶ መንገድ ዘጋብን።

«ወንበራችሁስ?»

«የለንም።»

«ባሕር ቆሞ አይታይም። ነውር ነው! ተቀምጦ ነው።»

ለመንኩት። በአባቱ፣ በእናቱ፣ በቅርፊቱ ለመንኩት። «ሕግ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ያን ሁሉ መንገድ አምጥቻት ከበር ልትመለስ ነው። ዞር ስል እናቴ የለችም። ሸርጣኑን ተራምዳው አልፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ውኃው ዳር ቆማለች።

ባሕሩ ሽበቷን አየ።

«ኖር!» ብሎ ብድግ አለ።

ባሕሩ በሙሉ፣ ከነመርከቡ፣ ከነዓሣ ነባሪው፣ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚነሣ ጨዋ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጀልባዎች ትከሻው ላይ ተንጠለጠሉ። ከተማዋ በጥላው ጨለመች። ወንበሮቹ ከሰዎቹ ጀርባ ወርደው እግሬ አውጪኝ አሉ። እኔ ግን በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። እናቴ በሠርጉም በለቅሶውም ለስንቱ ስትነሣ ኖራለች፤ ለእሷ ሲባል ከመቀመጫው ንቅንቅ ያለ ሰው አላየሁም። አሁን ባሕር ተነሣላት!

«በእግዜር ትበለዋ!» ሸርጣኑ ጮኸ። «ካልተቀመጠ አለቅን እኮ!»

«ትንሽ ይቁምላት!» አልኩት።

እናቴ ግን ሰው ማቆም አታውቅበትም። «በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ ተቀመጥ የኔ ጌታ» አለችው።

«እርስዎ ሳይቀመጡማ አይሆንም» አለ ባሕሩ።

«አንተ ሳትቀመጥ እኔ አልቀመጥም።»

«ይህማ አይደረግም!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት!»

ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም ግትር። የባሕሩ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከላይ ዓሣ ይዘንብ ጀመር። ከተማ ሙሉ ሰው በአንድ ወንበር እጦት ሊያልቅ ነው። ያለ የሌለ ትንፋሼን ሰብስቤ ጮኽኩ።

«ለእናቴ ወንበር ስጧት! ሰው የለም እንዴ? አንድ ሰው ይነሣላት!»

«አንተስ አትነሣላትም?» አለኝ አንድ ድምፅ።

ዓይኔን ገለጥኩ። የከተማ አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮት ጥግ ተቀምጫለሁ። ተሳፋሪው ሁሉ አፍጥጦብኛል። እናቴ አጠገቤ ብረቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እየተወዛወዘች ቆማለች። ከተሳፈርንበት ፌርማታ ጀምሮ እንደዚያው ነበረች። ዘልዬ ልነሣ ስል ትከሻዬን ተጭና መልሳ አስቀመጠችኝ፤ ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ፣ ኮራ ብላ እንዲህ አለች።

«ተዉት ልጄን! ይህን ወንበር ለእኔ ብሎ ሲሻማ ነው እንዲህ የደከመው።»