ሽንፋ የደረሰው ስህተቴ

መምህር ከጠመኔ የበለጠ ታማኝ ወዳጅ የለውም። ተሳስታችሁ ብትጽፉ በዳስተር ታብሱታላችሁ፤ ትንሽ አቧራ እጅጌያችሁ ላይ ይቀራል፣ በቃ። ማን ይመሰክርባችኋል? ዘመናዊ መሣሪያ ውስጥ የገባ ስህተት ግን ሌላ ነው። እግር ያወጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት መተማ ዮሐንስ የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ሳስተምር ነው።

የኛ አካባቢ ተማሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ይማራል። ክረምቱን ሰሊጥ ሲያርም ከርሞ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ፣ ስበት ስሙን ቀይሮ «ግራቪቲ» ሆኖ ይጠብቀዋል። ለዚህ መላ ተብሎ የመጣልን ፕላዝማ ነበር፤ በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን። በሳተላይት የምትመጣው አስተማሪ በፈጣን እንግሊዝኛ ታስተምርና ጥያቄ ትጠይቃለች። ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች። በሙቀቱ የዛለው ክፍል ትንፍሽ አይልም። እሷ ግን ፈገግ ብላ «ቬሪ ጉድ!» ትላለች። እንዲህ ያለ ቸር አስተማሪ ከየት ይገኛል? ስልሳ ተማሪ ምንም ሳይመልስ በየቀኑ ይመሰገናል።

ለእኔ የሚተርፈኝ የመጨረሻው አምስት ደቂቃ ነው። እሱንም በእንግሊዝኛ እንድጠቀምበት ነው መመሪያው። እኔ ደግሞ የተማሪዎቹን ዓይን እያየሁ መመሪያ ማክበር አልሆነልኝም።

በዚያን ጊዜ ከሱዳን በኩል የሚገባው ርካሽ ሞባይል ከተማውን አጥለቅልቆት ነበር። ደብተር የሌለው ተማሪ ሞባይል አለው። ታዲያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እያንዳንዱን የፕላዝማ ትምህርት በአሥር ደቂቃ አማርኛ እያብራራሁ በስልኬ ብቀዳውና ተማሪዎቹ በብሉቱዝ ቢቀባበሉትስ? ራሴን እንደ ታላቅ ፈልሳፊ ቆጠርኩ። የመጀመሪያውን ቅጂ የሰጠሁት ለትርንጎ ነው። ትርንጎ ሁለት ዓመት አቋርጣ የተመለሰች፣ ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ ተማሪ ነበረች። ከሰዓት በኋላ በአጎቷ ሱቅ ለደንበኛ ዘፈን በሜሞሪ ትጭናለች። አባቷ የዘንድሮን ብሔራዊ ፈተና ካላለፈች ትምህርት የሚባል ነገር እንዳታነሳበት ቁርጡን ነግሯታል። ስለዚህ ከማንም በላይ የምትሰማኝ እሷ ነበረች።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በባጃጅ ወደ ገበያ እየሄድኩ ነው። የሹፌሩ ስልክ የሱዳን ዘፈን ሲዘፍን ቆየና ድንገት የእኔን ድምፅ አመጣ። ሹፌሩ፣ እህቱ ለፈተና የምታጠናው እንደሆነና እሱም እየለመደው እንደመጣ ነገረኝ። ሰውየው ጎበዝ ነው አለ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ ጎበዙን ሰውዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ጎበዙ ሰውዬ፣ አምፖሎች በተከታታይ ሲያያዙ ቮልቴጁ ለሁሉም እኩል ነው፣ ከረንቱ ነው የሚከፋፈለው ይላል። በትይዩ ሲያያዙ ደግሞ ከረንቱ እኩል ይሆናል ይላል።

ገልብጬዋለሁ! በእንግሊዝኛ ቢሆን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልሳሳትም፤ ወደ አማርኛ ሳሻግረው «ተከታታይ» እና «ትይዩ» መንገድ ላይ ቦታ ተለዋወጡብኝ። ይህ ጥያቄ ደግሞ ከፈተና የማይጠፋ ነው። ገበያውን ትቼ ወረድኩ።

ቤቴ ገብቼ ትክክለኛውን ቀዳሁ። ግን የፊተኛውን ከየት ከየት ልሰብስበው? ሽንፋ የሚያስተምር ጓደኛዬ ደውሎ ድምፅህ እዚህ ደርሷል፣ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ገለጉ የሚሄዱ የጭነት መኪናዎችም ጭነውት እንደሄዱ ሰማሁ። ያን ቅዳሜና እሑድ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የትርንጎ አባት ይታየኛል። ሰውየውን አግኝቼው እንኳ አላውቅም፤ ግን ልጄን ከትምህርት ያስቀረሃት አንተ ነህ እያለ ይመጣብኛል።

ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ፊት ቆሜ ጥፋቴን ልናገር ቆርጬ ገባሁ። ከኋላ ወንበር ላይ ከበላይ የመጡ ሱፐርቫይዘር ማስታወሻቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ መሰጠቱን ሊያጣሩ ነው የመጡት። እስቲ ፍረዱኝ! ብናገር፣ በአማርኛ ማስተማሬንም፣ ያንኑም አሳስቼ ማስተማሬን በአንድ አፍ መመስከሬ ነው። ዝም ብል፣ ስልሳ ተማሪ ገደል ሲገባ ቆሜ ማየቴ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁ።

ሱፐርቫይዘሩ ቀደሙኝ። ተነሥተው በእንግሊዝኛ፣ በተከታታይ በተያያዙ አምፖሎች ውስጥ እኩል የሚሆነው ምንድን ነው ብለው ክፍሉን ጠየቁ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። ከግማሽ በላይ እጅ ወጣ። ያ ትንፍሽ የማይል ክፍል! አንዱ ተነሥቶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ከረንት» አለና መጽሐፉን ገልጦ ገጹን ጭምር አሳየ። ስለ ትይዩው ሲጠይቁም ሌላዋ መለሰች፤ እሷም ትክክል።

ሱፐርቫይዘሩ መጽሐፉን እንዲህ ያስጠናችሁ ማነው ሲሉ ትርንጎ ተነሣች። ቲቸር በአማርኛ በቀዱልን ትምህርት ውስጥ ሆን ብለው አንድ ስህተት ደብቀዋል፣ እሱን ለማግኘት ሁላችንም የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት ስንፈትሽ ከረምን አለች። ሰውየው ወደ እኔ ዞሩ። ራሴን ነቀነቅሁ? አልነቀነቅሁም? አላስታውስም። እሳቸው ግን እጄን ጨብጠው ብልሃቱን በሪፖርታቸው እንደሚያሰፍሩ ነገሩኝ። ስለ አማርኛው አንድም ቃል አላነሡም።

ክፍሉ ሲበተን ትርንጎን አስቀረኋት። ሆን ብዬ እንዳልሆነ፣ በእውነት እንደተሳሳትኩ ነገርኳት። ያን መናገር ከሱፐርቫይዘሩ ፊት ከመቆም ይልቅ ከበደኝ።

«አውቃለሁ ቲቸር» አለች ወደ መሬት እያየች። «ለሰው ስጭን ደጋግሜ ስሰማው አልገባ አለኝ፤ ከመጽሐፉ ሳስተያየው ነው ያገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቲቸር ተሳሳቱ ብል ልጆቹ ይስቁ ነበር እንጂ መጽሐፉን ማን ይከፍታል? ሆን ብለው ነው ስላቸው ግን ሁሉም ፈለገ። ለሽንፋና ለገለጉ ልጆችም እንደዚያው ብዬ ነው የላክሁላቸው።»

ምን ትላላችሁ? በሕይወቴ ከተማርኳቸው የማስተማሪያ ዘዴዎች ትልቁን ያስተማረችኝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ ናት።

ትርንጎ ፈተናውን አለፈች፤ መሰናዶም ገባች። አባቷ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ይዞ ሲያመሰግነኝ፣ ስፈራው የከረምኩት ሰው ከእኔ ያጠረ ሆኖ አገኘሁት።

እኔም በበኩሌ ደንግጬ ስለነበር ጥንቁቅ ሆንኩ። በሚቀጥለው ዓመት እያንዳንዱን ቅጂ ሦስት ጊዜ እያዳመጥኩ፣ ከመጽሐፉ ጋር ቃል በቃል እያመሳከርኩ ለተማሪዎቼ ሰጠሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ስህተት አልተገኘም። መጽሐፉን የከፈተ ተማሪም አልተገኘም።