ባቄላና ቀይ ችካል

ሕዝቡ ባዮቴክኖሎጂን ይፈራል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ጫማውን እዩለት። ጭቃ የለበትም። እኔ የሰበታ ነዋሪ ስለሆንኩ ጫማዬ ክረምቱን ሙሉ ምስክሬ ነው... ሕዝቡ ምን እንደሚፈራ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የፈራው እኔን ነዋ!

ሥራዬን ልንገራችሁ። ጥቁር ዱቄት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ለገበሬ አስተዋውቃለሁ። ባቄላ ሲዘራ ከዘሩ ጋር ይታሻል፤ ባክቴሪያው ሥሩ ላይ ተቀምጦ ከአየር ማዳበሪያ ይሠራል። መሬት አይጎዳም፣ ፋብሪካ አያስፈልገውም። ቢሮዬ ይሄን "ዘላቂ ልማት" ይለዋል። እናቴ ደግሞ "ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ባቄላ ለማሸት ነው?" ትለኛለች።

ያን ዓመት ታስታውሱታላችሁ፤ የማስተር ፕላኑን። ሰበታ ሂዱ፣ ቡራዩ ሂዱ፣ ሱሉልታ ሂዱ፣ ወሬው አንድ ነው፤ አዲስ አበባ እየሰፋች ነው፣ መሬታችን ሊሄድ ነው። ዛሬ መንገድ ይዘጋል፣ ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ልጆች ይታፈሳሉ። አለቃዬ ታዲያ በዚህ መሃል ጠራኝና ሁለት ነገር አዘዘኝ። አንድ ማሳያ እርሻ አዘጋጂ፤ "ሕዝቡ ለባዮቴክኖሎጂ ያለው አመለካከት" የሚለውንም መጠይቅ አስሞዪ።

ለማሳያው ጎረቤቴን ኦቦ ቶሎሳን ለመንኳቸው። አስፋልቱ ጥግ አንድ ማሳ አላቸው፤ ሰባት ነፍስ የሚያድረው በእሷ ነው። የወንድማቸው መሬት ለመጋዘን ተወስዶ ወንድምየው አሁን የመጋዘኑ ዘበኛ ነው።

"ግማሹን ባክቴሪያ ባለው ዘር፣ ግማሹን በሌለው እንዝራው" አልኳቸው።

"ባክቴሪያው ምን ይበላል?"

"ምንም። ዱቄቱ ዘሩ ላይ እንዲጣበቅ ግን ትንሽ ስኳር በውሃ..."

"ስኳር?" አሉ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ። "እኛ ስኳር ካየን ወር አልፎናል፣ ለባቄላ ልናጠጣ ነው?"

ስኳሩን ከቤቴ አመጣሁ። አዴ ጫልቱ ሲያጉረመርሙ፣ እጃቸው እስኪጠቁር ሲያሹ ዋሉ። ተዘራ። የባክቴሪያ ፍርሃት የሚባል ነገር ዓይኔ አላየም።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሳይንስ ድንበር ይወዳል አይደል? ግማሹ ከግማሹ እንዲለይ ቢሮው የሰጠኝን፣ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎች ተከልኩ። በሲባጎ አገናኘኋቸው። ሜትር ዘርግቼ ለካሁ። ቁጥር የተጻፈበት ታፔላ አቆምኩ። ከዚያ መጠይቄን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ምሳዬን ልበላ ሄድኩ። በማስተር ፕላን ዓመት! እናንተ ብትሆኑ አታደርጉትም። እኔ ግን ዲግሪ አለኝ።

ስመለስ ማሳው ዙሪያ ሠፈሩ በሙሉ ቆሟል። ችካሎቹ ተነቅለው ኦቦ ቶሎሳ እግር ሥር ተከምረዋል።

"አካም፣ ኦቦ ቶሎሳ" አልኩ።

ሰላምታዬን አልመለሱም። እኚህ ሰው ከብት እየነዱ እንኳ ቆመው የጎረቤት ጤና የሚጠይቁ ናቸው። ያኔ ፈራሁ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወንድሜም ጋ መጀመሪያ የመጣው ችካል ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ለክተው፣ ተክለው፣ ምሳ ሄዱ።"

"እኔ እኮ የባክቴሪያዋ ነኝ!"

"ባክቴሪያው ይቀመጥ፤ እሱ ካርታ አልጠየቀኝም። ችካልሽን ግን ውሰጂ።"

"ታዲያ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን?"

"ያመጣሽው ነገር እውነት ከሆነ ባቄላው ይናገራል።"

አፈርኩ። የወንድማቸውን ታሪክ ስንት ጊዜ አጫውተውኛል፤ እኔ ግን ችካሉን ስተክል ትዝ ያለኝ ሪፖርቴ ብቻ ነበር። እንጨቱን ታቅፌ በሠፈሩ መሃል ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንደዚያ የከበደኝ ሸክም የለም።

ባቄላውም ተናገረ። መስከረም ላይ አንደኛው ግማሽ ለምልሞ፣ አበባው ፈክቶ ከሩቅ ይታያል። በደስታ መጠይቄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ከነፍኩ። ኦቦ ቶሎሳ ማሳው ዳር ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ግን ሐዘን የተቀመጠ ሰው ፊት ነው።

"ምነው፣ አልወደዱትም?"

"ወድጄዋለሁ። ችግሩ እሱ ነው።" ወደ አስፋልቱ ጠቆሙኝ። "ትናንት አንድ መኪና ቆመ። መስኮቱን አውርዶ ብዙ አየ። እንዲህ ያማረ መሬት አይተው ይተዉልኛል?"

ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለ መጠይቄን አወጣሁና የመጨረሻውን ጥያቄ አነበብኩላቸው። "ከባዮቴክኖሎጂ ወደፊት ምን ይጠብቃሉ?"

ኦቦ ቶሎሳ ከልባቸው አሰቡበት።

"ባቄላ የሚያፈራ፣ ከመንገድ ሲያዩት ግን ማሳውን ድንጋይ የሚያስመስል ባክቴሪያ ካላችሁ አምጪልኝ" አሉ። "ስኳሩን እኔ እችላለሁ።"

ቃል በቃል ጻፍኩት። አለቃዬ በቀይ እስክሪብቶ "መልስ ሰጪው ስለ ባዮቴክኖሎጂ ግንዛቤ ስለሌላቸው ሥልጠና ይሰጣቸው" ብሎ መለሰልኝ። ለሥልጠናው ማሳያ ደግሞ አሥር አዳዲስ ችካሎች ፈቀደልኝ... ቀይ የተቀቡ።

ፈልጬ ማገዶ አደረግኳቸው። ሪፖርቱ ላይ "ችካሎቹ ለዘላቂ ልማት ውለዋል" ብዬ ሞላሁ። በዚያ ዓመት ከጻፍኩት ሁሉ እውነቱ እሱ ነበር።