ለአሳማ የተሳልኩት ጃንጥላ

ጭንቅ ሲመጣ ሰው ጸሎት አያማርጥም። ጾም የማልሽር፣ የአሳማ ሥጋ በአፌ ዞሮ የማያውቅ ሰውዬ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ገብርኤል ሆይ፣ አሳማይቱን አስረግዝልኝ» እያልኩ ተንበርክኬአለሁ። ሳቁ፤ እንጀራዬ ግን በማኅፀኗ ነበር።

ያን ጊዜ ድሬዳዋ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ አሳማ ለሚያረባ፣ ሙሴ ያኒ ለሚባል ግሪክ እሠራ ነበር። ወንዱ አሳማ ሞተበት። «ከወዳጄ ዘንድ የወንድ ዘር በጠርሙስ፣ በባቡር ይመጣል፤ በቱቦ እንሰጣታለን። ካልያዘች በረቱን ዘግቼ ጅቡቲ እገባለሁ፤ አንተም ሥራ ፈልግ» አለኝ። ዘር በባቡር! ትኬት ተቆርጦለት ይሆን?

ጠርሙሱን ጣቢያ የተቀበልኩት ረፋድ ላይ ነው። ሙሴ እስከ አሥር ሰዓት አይመለስም። የድሬ ፀሐይ ደግሞ እንኳን ዘር ድንጋይ ያበስላል። በዚህ አገር ሥጋውንም ወተቱንም የሚያድን በረዶ ነውና፣ ከዚራ ሰፈር በረዶ ወደሚሸጠው ወዳጄ ወደ አብዲ ሮጥኩ። መዋሸት አልችልበትምና የያዝኩትን ነገርኩት። «አቦ! የምን ጉድ ነው ያመጣህብኝ?» ብሎ በጆንያ ቁራጭ፣ በሁለት ጣቱ ተቀበለኝ። በረዶው ውስጥ ክተትልኝ ብዬው ሄድኩ። በአሥር ሰዓት በዚያው ጆንያ ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ሙሴ የአሳማይቱን ጀርባ በእጁ ቢጫን ቀጥ ብላ ቆመች፤ ወንድ ፈልጋለች ማለት ነው። በቱቦው ሰጣት። እጁን እየታጠበ፣ «የአሳማ ዘር በረዶ ከነካው አለቀለት» አለ። ድሬዳዋ ላይ በብርድ የሚሞት ነገር አለ ብሎ ማን ያስባል? ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ልጆቼ ትዝ አሉኝና ዘጋሁት።

በሦስት ሳምንቷ ዳግም ወንድ ከፈለገች አልያዘችም ማለት ነው። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳልኩ። ግን በማን ስም ልጸልይላት? የክርስትና ስም የላት! «ያቺን፣ አንተ ታውቃታለህ» አልኩ። በሃያ አንደኛው ቀን ጀርባዋን ተጫንኳት። ጮኻ ሸሸችኝ። ተንቄ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በአራተኛው ወር አሥራ አንድ ወለደች።

ጃንጥላዬን ይዤ ለአብዲ ተአምሩን፣ በበረዶ የሞተው መነሣቱን ነገርኩት። ሳቁ አላስቆም አለው። «ወላሂ፣ አንተ ሰውዬ! እስላም ክርስቲያኑ በሚጠጣው በረዶ የአሳማ ነገር የምከት መሰለህ? ከውኃው በርሜል ጀርባ፣ ጥላ ላይ ነው የወረወርኩት!» ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። «ሱቄ መግባቱን ግን ለሰው ብትናገር በረዶዬን ማን ይገዛኛል? በገብርኤልህ ማልልኝ!» ማልኩለት። (ዛሬ ጨርቅ ነጋዴ ሆኗልና ፈቅዶልኛል።)

ስለት ስለት ነው፤ ቁልቢ ወጥቼ ጃንጥላውን አስገባሁ። ቄሱ ጠበል ረጭተውኝ ምን አድርጎልህ ነው ቢሉኝ፣ መሐላዬን ፈርቼ፣ «ከበረዶ አድኖኝ» አልኳቸው።

«ከየት ነው የመጣኸው ልጄ?»

ከድሬዳዋ ብላቸው፣ ጠበሉን ደግመው ረጩኝ።