ከነፋስ የተጠለለው መኪና

ጧት ጧት አልነሣ የሚል ሞተር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? «እኽኽ... እኽ... እ...» ይልና ዝም። በክረምት ከመደቡ ቀና ማለት የከበደው ሽማግሌ ይመስላል። በዚያች ቅጽበት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ባለሙያ ይሆናል። አንዱ ባትሪው ነው ይላል፣ ሌላው ዘይቱ ነው ይላል፣ እኛ አገር ደግሞ «ዓይን በልቶት ይሆናል» የሚል አይጠፋም። እኔ አስተያየት አልሰጥም። ኮፍያዬን አውልቄ እቆማለሁ። ባለቤቴ «የሰው መኪና ባልነሣ፣ አንተ ለቅሶ ቤት የገባህ ትመስላለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ፤ ጨዋታ ከተባለ።

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ደብረ ማርቆስ አስተምር ነበር። ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ሮብ ገበያ በምትባል መንደር ለተከፈተው አዲስ ትምህርት ቤት አግዳሚ ወንበሮች አድርስ ተብዬ ጋሻው ከሚባል ሾፌር ጋር በአሮጌ የጭነት መኪና ተላክሁ። ጋሻው ቁጥብ ሰው ነው። መኪናው ግን ይናገራል፤ ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ ገና ስንነሣ ማቃሰቱን ሰምቼ «ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ባትሪው አርጅቷል። ብርድ ሲመታው ደግሞ ዘይቱ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ሞተሪኖ አቅም ያጣል።»

«ታዲያ ጮቄ ሥር አድረን እንዴት ልንነሣ ነው?»

«ቁልቁለት ላይ አቆመዋለሁ። ጧት ድንጋዩን ከጎማው ሥር አንሥቶ መልቀቅ ነው፤ ሲንደረደር በማርሽ ይነሣል።»

የዚያ ዘመን ሾፌር እንዲህ ነበር። ማደሪያ ሲመርጥ ከራቱም ከአልጋውም በፊት ቁልቁለት ይፈልጋል።

ሮብ ገበያ ያሳደሩን አያ ካሴ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ለትምህርት ቤቱ መሬት የሰጡት እሳቸው ስለነበሩ ሌላ ቤት ማደር የማይታሰብ ነው። ጋሻው መኪናውን ከቤታቸው በላይ፣ ነፋስ በሚጋረፈው ጉብታ ላይ፣ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ አቆመና ድንጋይ አስደገፈው፤ ከዚያ ገባን። ሚስታቸው ውዴ ወሯ ገብቷል፤ እንደዚያ ከብዷትም ቁጭ አትልም። «ብሉ እንጂ! የደብረ ማርቆስ ሰው እህል ይፈራል እንዴ?» እያለች ታጎርሰናለች። ከዚህ በፊት የወለደቻቸው አልበረከቱላትም። «ይህንን እንኳ ማርያም ታቆይልኝ» አለችን፣ ሳቋ ከፊቷ ሳይጠፋ።

መቼም የጎጃምን ቤት ልማድ ታውቃላችሁ፤ ባታውቁም እወቁ። እንግዳው ሳይታይ በቅሎው ትታያለች። ኮርቻዋ ይወርዳል፣ ገብስ ይቀርብላታል፣ ከነፋስ ትጠለላለች። የእንግዳ በቅሎ ብርድ ላይ ያሳደረ ሰው ስሙ እስከ ደጀን ይነሣል። እኛ ራት ላይ ሳለን አያ ካሴ ወጣ ብለው ቆይተው ተመለሱ። ማን ልብ ይላል?

ጧት ስንወጣ ጉብታው ባዶ ነው። መኪናው ታች፣ ከበረቱ ጥግ፣ ነፋስ የማይደርስበት ረባዳ ላይ ቆሟል። አያ ካሴ ጎረቤት ጠርተው፣ ድንጋዩን አንሥተው፣ ከኋላ በመጫኛ እየያዙ ቀስ አድርገው አውርደውታል።

«ገብስ እንደማይበላ አውቃለሁ» አሉን ፈገግ ብለው። «ነፋስ ግን ለማንም አይበጅም።»

ጋሻው ቀና ብሎ ባዶውን ጉብታ አየ። በቤቱ ያሳደረን ሰው ይወቅሱታል? «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ይህን ጊዜ ሌሊት የተጠራች የመንደሩ አዋላጅ ከጓዳ ወጣች። ውዴን ሌሊቱን ምጥ ይዟት ኖሯል፤ እንግዳ እንዳይረበሽ ብላ ድምፅ አላሰማችም። «ልጁ በእጁ መጥቷል፤ እኔ የምችለው አይደለም። ሐኪም ቤት አድርሷት!» አለች አዋላጇ። አያ ካሴ ወደ ሰማይ አንጋጠው አማተቡ።

«ተመስገን! ማርያም መኪና ልካልናለች።»

ውዴን ደግፈን ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥናት። ጋሻው ቁልፉን አዞረ። እኽኽ... እኽ... እ። ደገመ። እኽ። ከዚያ ወዲያ ድምፅም የለ። «ግፉት!» አለ። መንደሩ በሙሉ ገፋ፤ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ረባዳውን አላቁጦት ኖሮ ጎማው ሰጠመ። በሬ ተጠምዶ መጣ። ቀንበሩ ከፊት ታሰረ፣ ጅራፍ ጮኸ፣ መኪናው ጥቂት ነቅነቅ አለና መጫኛው ተበጠሰ። ጋሻው መሪውን በቡጢ ይመታል። ውዴ የነጠላዋን ጫፍ ከጥርሷ አላቀቀችና ወደ እሱ ዞር አለች።

«ተወው ወንድሜ፤ እሱም እንደኔ ደክሞታል።»

በቃሬዛ አነሣናት። ጋሻውም ከተሸካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ተካኝ ሲሉት እምቢ አለ። በየመንደሩ ማን ናት ሳይል ወጥቶ ትከሻውን የሚሰጥ ሰው አላጣንም። እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ መጀመሪያ ማቃሰቷን፣ በኋላ ደግሞ ዝምታዋን ሰማሁ። የደብረ ማርቆስ ቆርቆሮ ከሩቅ ማብለጭለጭ ሲጀምር ከፊት የነበሩት ቆሙ። ቃሬዛው ወደ መጣበት ዞረ። ልጁም ከእናቱ ጋር ተቀበረ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አያ ካሴ እኔንና ጋሻውን አጠገባቸው አስቀመጡን። ሰውየው ገበሬ ናቸው እንጂ ሞኝ አይደሉም።

«ጋሻው፤ እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «ከላይ ቢያድር ኖሮ ይነሣ ነበር?»

ጋሻው አንዴ እኔን አየኝ። ቄሶቹ የሚያዜሙበትን ጥግ አየ።

«አይነሣም ነበር አያ ካሴ። የት ቢያድር አይነሣም ነበር። ብርዱ ነው።»

ከዚያ የሚበልጥ ውሸትም ከዚያ የሚበልጥ ምጽዋትም አልሰማሁም። እኔም ራሴን ነቅንቄ መሰከርኩ፤ አስተማሪ ሲመሰክር ይታመናል። ከሰውየው ላይ ሸክም ያወረድን መስሎን ሁለታችንም ተነፈስን።

አያ ካሴ ግን ቀስ ብለው አቀረቀሩ።

«ብርዱ ነው?» አሉ። «ያን ምሽት መኪናውን ጋቢዬን ላለብሰው ብዬ ነበር እኮ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት።»