ለቆቦ ብርድ የሚሆን ሽቶ

ቆቦ ላይ “በረደኝ” ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከደጋ የመጣ ሰው ይስቅባችኋል። ግን ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ሲቀቅለው የከረመ ሰው ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ትንሽ ነፋስ ከነካው ጃኬት ፍለጋ ይሮጣል። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ሻርፕ ይጠመጥማሉ። ብርዳችን ቶሎ ስለሚሄድ እንደ እንግዳ እናከብረዋለን። እኔማ ሽቶ እገዛለታለሁ።

አትሳቁ። አምበር የሚሉት ሞቅ ያለ፣ ፓውደር ፓውደር የሚል ሽቶ አለ። በሚያዝያ ቀትር ተቀብታችሁት ሚኒባስ ብትገቡ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት ለመክፈት ይጋፋል፤ በታኅሣሥ ምሽት ግን ልክ እንደ ጋቢ ነው።

ዘንድሮ ገበያው ውስጥ ሽቶ የሚሸጡት እትዬ ዘሀራ ሁለት አምበር አቀረቡልኝና አንዱን በቀኝ እጄ አንጓ፣ ሌላውን በግራው ነፉልኝ። የቀኙ ታጥቦ ፓውደር የተነሰነሰ ሕፃን ይሸታል፤ የግራው ቀረፋና የቆየ የእንጨት ሳጥን።

“አብሽሪ፣ ዛሬ አትግዢ፤ እቤት ሂጂና ባልሽ ይምረጥልሽ” አሉኝ።

እትዬ ዘሀራ አያውቁም እንጂ ባሌ ሲሳይ አምና ክፉ ጉንፋን ይዞት ከተነሣ ወዲህ ምንም አይሸተውም። ሽሮ አርሮ ጎረቤት በር ሲያንኳኳ እሱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። የመስኖ ባለሙያ ስለሆነ ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ውሎ ሲመጣም “ሸሚዝህን ቀይር” የምለው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ችያለሁ። ያቃተኝ ሌላ ነው፤ አንዳንድ ምሽት ገና ከበር ስገባ “ዛሬ ደግሞ ጥሩ ሸትተሻል” ይለኛል። ምንም ሳልቀባ! ታማሚው እሱ፣ የምባበለው እኔ። እያደር ቅር ይለኝ ጀመር፤ ሚስቱን ያደንቃል ወይስ ያዝንላታል? ደፍሬ አልጠየቅኩትም።

ያን ቀን ግን ላጋልጠው ቆረጥኩ። በረንዳ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ቀኙን አሸትቼ “ጥሩ ነው” አልኩ፣ ግራውን አሸተትኩ፤ ከዚያ ሁለቱንም እጆቼን አፍንጫው ሥር ደቀንኩበት።

“ምረጥ።”

ተራ በተራ አሸተተ። እንደ ዳኛም አሰበ። “የግራው ይሻላል” አለ።

“ምን ምን ይላል?” አልኩት፣ አሁን ያዝኩህ ብዬ።

“እኔ ምን አውቄ? የቀኙን ‘ጥሩ ነው’ ብለሽ አለፍሽው። የግራውን ስታሸቺ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ ቆየሽ።”

“ሳልቀባ ጥሩ ሸትተሻል የምትለኝስ?”

“ደስ ብሎሽ ስትገቢ ነዋ።”

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደ እኔ ላገባች መምህርት የሚሆነው የቀኙ ነው ብዬ እሱኑ ልገዛ ወስኜ ነበር። ሰውዬው ለካ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቴን ሲያይ ኖሯል። ደስ አለኝ፤ እንባዬም መጣ።

በነጋታው የግራውን ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ግን እንደ ድሮው ተዝናንቼ አልተቀመጥኩም፤ በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ከሲሳይ ደብቄዋለሁ ብዬ እፎይ ያልኩትን ነገር አንድ በአንድ እያስታወስኩ ነው።