ጉልበት ጾም ይፈታል ወይ?

እናንተዬ፣ በሽተኛ ሊጠይቅ ገብቶ ሌላ በሽታ ጨምሮለት የሚወጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እግሬ አያርፍም፤ ከሐሙሲት ወረታ ስዞር ብዙ ጠያቂ አይቻለሁ። ጎረቤታችንን ጥሩዬን የሚያህል ግን አላየሁም።

ወንድሜ ፈንቴ ዕድሜውን በሩዝ ማሳ ጭቃ ሲያርም ኖሮ፣ በጉልበቱ አጥንቶች መካከል ያለው ልስልስ ነገር ተበላበት። ሐኪሞች ቀደው ሌላ ተከሉለት። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው። ጥሩዬ ልትጠይቀው መጣችና ገና ሳትቀመጥ፣

«አያ ፈንቴ፣ የምን ተከሉልህ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ! ተኝቼ አይደል?»

«የበሬ ቢሆንስ? ሥጋ በጉልበትህ ይዘህ ልትጾም ነው?»

እኔ ሳቅሁ። ወንድሜ ግን ለፋሲካ ሊቆርብ ያሰበ ሰው ነውና «ቁርባኔ ቀረ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀምስ አለ። መንደሩም ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «በአፍ ያልገባ አይቆጠርም» ሲል፣ ገሚሱ በበሬው ቀለም ሳይቀር ይከራከራል።

ጭንቅ ሲለኝ ሐኪሙ ዘንድ አስደወልሁ።

«እማማ፣ ከራሳቸው ጉልበት ነው። ሸክም ከማያርፍበት ዳር ቆርጠን የተበላው ላይ ተከልነው» አለኝ።

ሮጬ ለወንድሜ ነገርሁት። «የሩዝ ችግኝ ከመደቡ ነቅለህ ማሳው ላይ እንደምትተክለው ነው» አልሁት። ይኸኔ ፊቱ በራ፤ «ሽሮውን አቅርቡልኝ» አለ።

ጥሩዬ ዝም የምትል መስሏችኋል? «እንዲያ ከሆነ የተቆረጠበት ቦታ ባዶውን ቀረ በለኛ!» አለችው።

ወንድሜ ጉርሻውን እያላመጠ፣ «ተይው ጥሩዬ» አላት፤ «እሱ ይጹምልኝ።»